ከታች ማን ያዘልህ?

ውድ ዓለሜ፣

እንዴት ነሽ አልልሽም፤ ካለሽበት መልስ አይመጣም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ልጃችን ባለፈው ስትደውል አዋጅ አወጀችብኝ። “አባዬ፣ ኢንተርኔቱ ያለው ፎቅ ላይ፣ አንተ የምትተኛው ታች። እኔን በቪዲዮ ለማየት ስትወጣ አንድ ቀን ከደረጃው ትወድቃለህ። ቤቱ ይሸጥና እኔ ጋ ና!”

ታውቂኝ የለ! “ኬብሉን ወደ ታች አወርደዋለሁ፤ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም” ብዬ ዘጋሁባት። ዕድሜ ልኬን የስልክ ሠራተኛ ሆኜ የሰው ግድግዳ ስበሳ ኖሬ፣ ለራሴ ቤት ሰው ልጥራ? ሞቼ እገኛለሁ!

ፎቅ ወጥቼ ቁም ሣጥንሽ ጥግ ወለሉን መብሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ የፌሮ ብረት አገኘሁና ድሪሉ እጄን አንዘፈዘፈው። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ የኮንክሪቱን ሶሌታ፣ ከዚያም የታችኛውን ኮርኒስ በሳሁት። አቧራው አልጋችን ላይ ዘነበ። ብትኖሪ ኖሮ “አንሶላውን ሳታነሳ ትበሳለህ እንዴ፣ አንተ ሰውዬ!” ብለሽ ቤቱን በጩኸት ታነሺው ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ኬብሉን ሰደድኩና እንደ ልማዴ ቀዳዳው ላይ ተደፍቼ “ያዝሽው?” ብዬ ተጣራሁ።

ትዝ ይልሻል የቴሌቪዥኑን ገመድ ስናወርድ? አንቺ ከታች ሆነሽ “ያዝኩት እኮ! አንተ ብቻ ልቀቀው፣ እልኸኛ!” ስትይኝ? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እያልሽ ስታሾፊብኝ?

አሁን ዝም። ወረድኩ። ኬብሉ የለም፤ ኮርኒሱ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀርቷል። ወጣሁ፣ ገፋሁት፣ ወረድኩ። አሁንም የለም። ደረጃ እንዳልወጣ ብዬ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ዋልኩልሽ፤ ጉድ በይ! በመጨረሻ ጫፉ ላይ ብሎን ባስርበት በክብደቱ ወረደ።

ማታ ስደውልላት፣ ልጃችን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስታየኝ ዓይኗን ማመን አቃታት። “የኛ ጀግና! ከታች ማን ያዘልህ?” አለችኝ።

እንዲያው የዋዛ ጥያቄ ነው። ጎረቤት ብላት ያልቅ ነበር። እኔ ግን፣ ዓለሜ፣ አለቀስኩ። ቀብርሽ ላይ ሰው ፊት ያፈንኩትን ሁሉ አለቀስኩት።

“ማንም” አልኳት። “ማንም የለም፣ ልጄ።”

እሷም አለቀሰች። ስለ ቤቱ ግን ትንፍሽ አላለችም። “ነይና ውሰጂኝ” ያልኳት እኔው ነኝ።

እንግዲህ ልሄድ ነው፤ አትቀየሚኝ። ይህን ቤት የሙጥኝ ያልኩት አንቺን ትቼ የምሄድ ስለመሰለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ላይ ታች እያልኩ ስጠራሽ ውዬ የትም አላገኘሁሽም። ብቻዬን መኖር አልቻልኩም፣ ዓለሜ። ይኸው፣ አልኩት።

ኬብሉን አልነቀልኩትም፤ ቤቱን ለሚገዛው ይጥቀመው። ልጃችን እስክትመጣ ግን እዚሁ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ወደ ቀዳዳው አንጋጥጬ አንዴ እጣራለሁ፤ ልማድ ክፉ ነው።

አንቺን ልቀቅ ቢሉት የማይለቅ፣
እልኸኛው ባልሽ