ለከሳሼ ለአባቴ

ጎሽ ሜዳ፣ ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለጠበቃ ሀብተ ሥላሴ
ሞጣ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ንዴቴም አልበረደም።

ወንድሜ ስጦታው መልእክትዎን አድርሶኛል። «ቀረጡን ከፍላ ትገላገል፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለዋል። ይበቃ እንደሆነ ሐሙስ ቢቸና ፍርድ ቤት እናየዋለን። ለጎሽ ሜዳ ማዘጋጃ ቤት ጥብቅና ሲቆሙ፣ የምትከሰሰው የዚህ ከተማ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የራስዎ ባንቺዓለም መሆኗን ያውቁ ነበር። ይሁን፣ አልተቀየምኩም። ዋሸሁ፤ ተቀይሜያለሁ።

አልከፍልም። ማዘጋጃ ቤቱ ከእያንዳንዱ ሐዋላ ላይ ለከተማው አንድ ብር ይቆረጥ ይላል። ባንኩ ግን የመላው አገር ነው፤ የግንደወይን ገበሬም የሞጣ ነጋዴም ገንዘብ አለበት። ድምፅ ያልሰጡበት የከተማ ምክር ቤት በምን ሥልጣኑ ይቀርጣቸዋል? ዛሬ አንድ ብር ያለ ነገ አሥር ብሎ በራችንን ያዘጋል። በአሜሪካም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ክፍለ ግዛት የአገሪቱን ባንክ ልቅረጥ ቢል፣ የባንኩ ገንዘብ ያዥ እምቢ ብሎ ተሟግቶ ረታ። ሕግ ስማር ይህን ባጫውትዎ «ጎሽ፣ ሰው እንዲህ ነው የሚሟገት» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?

ዋናው መሥሪያ ቤት እንኳ «ከፍለሽ ዝም በይ፤ ብትሸነፊ ሥራሽን ታጪያለሽ» ብሎኛል። ልጣው። ሽማግሌም አይላኩብኝ፤ የላኳቸውን ቄስ ኃይለ ሚካኤልን ትናንት ከደጅ መለስኳቸው። እሳቸውን በመመለሴስ አፍሬያለሁ።

አንድ ነገር ግን አልረሳሁም። በጥንቱ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ በቁራኛ አንድ መንገድ ሄደው፣ አንድ ቤት አድረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር ብለው አጫውተውኛል። እኔ ጥብቅናውን ትቼ ባንክ ከገባሁ ወዲህ ደጄን ረግጠው አያውቁም። ረቡዕ ይምጡ። ወደ ቢቸና ሲሄዱ መንገድዎ በእኔ በኩል ነው። አልጋውን አንጥፌያለሁ። እናቴ የምትሠራልዎትን ሽሮ እኔም አውቅበታለሁ። ሐሙስ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ ችሎት ፊት ግን አልምርዎትም።

እመቤቴ ጉልበትዎን ታጽናልኝ፤ ለሐሙስ ብቻ ምላስዎን ታስርልኝ።

ተከሳሽ ልጅዎ
ባንቺዓለም ሀብተ ሥላሴ