የይርጋ ስም ከወዴት ይጠራ

ይድረስ ለአባቴ፣ የጅጋ ሰው ሁሉ መሪጌታ ለሚልዎ፤

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም። ዝም ብዬ ወደ ጉዳዩ ልግባ ብል ደግሞ፣ ሰላምታ የማታውቅ ብለው እዚያው ሆነው ይቆጡኛል። እንግዲህ እንደምን ሰነበቱ፣ አባዬ። ከተለዩን ሦስተኛው ክረምት እየወጣ ነው።

ቤቱ ደኅና ነው። የሣር ክዳኑን አንስተን ቆርቆሮ አለበስነው። ዝናብ ሲጥል ሰው ከሰው መሰማማት ቀርቷል፤ እርስዎ ቢኖሩ አንድ ቀን አይታገሱትም ነበር። እኔ አሁንም ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እመጣለሁ። አውቶቡሱ ጡሩንባውን ሲነፋ እማ ከደጅ ወጥታ ትቆማለች። ፊቷ መጀመሪያ ይበራል፤ የወረድኩት እኔ መሆኔን ስታይ ይከስማል። አልቀየማትም። ማንን ስትጠብቅ እንደኖረች እርስዎም ያውቃሉ።

ድምፅዎ ከዚህ ቤት አልወጣም። ራዲዮ ስከፍት፣ ዜና አንባቢው ትንፋሹን ሊሰበስብ ዝም ባለባት ቅጽበት «አንድም» ሲሉ እሰማለሁ። ዞር እላለሁ። መደቡ ላይ ማንም የለም። ቢሆንም ራዲዮውን ዘግቼ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ቀጥሎ የሚሉትን ለመስማት።

ስንቱ ሰው ነው በዚያች ቃል ጋዜጣ መስማት የተማረው! እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር ያመጣልዎትን ጋዜጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ያነቡልን ነበር፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንደሚተረጉሙት አድርገው፣ መጀመሪያ ንባቡን፣ ከዚያ ትርጓሜውን፣ አንድም ይህ ነው፣ አንድም ያ ነው እያሉ። በጎጃም ዘንድሮ እህል ተትረፈረፈ የሚል ወጥቶ ገበሬው ሲያጉረመርም ትዝ ይለኛል። አንድም ጸሐፊው እህሉን ያየው በመኪና መስኮት ነው አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። አንድም የነገረው ሰው ሹመት ፈልጎ ነው አሉ፤ ይበልጥ ሳቀ። አንድም እውነት ተትረፍርፏል፣ የጎደለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው፤ ለመሆኑ ከእናንተ እዚህ ጎረቤታችን ቋሪት ሄዶ ያየ አለ? ሲሉ ሳቁ ቆመ። እኔ እንደዚያች እንደ ሦስተኛዋ የምወደው አልነበረም። ደስ የማይለውን አንድም ዘሎ ያለፈ ተማሪ ከእርስዎ ዘንድ መከራውን ነበር የሚያየው።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ጋዜጣው አባይ በረሃ ላይ የጭነት መኪና ገደል መግባቱን ጽፎ የሟቾቹን ስም ዘርዝሮ ነበር። የወንድሜ የይርጋ ስም ከነአባቱ ስም ነበረበት፣ የቡሬ ነጋዴ ተብሎ። ይርጋ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። እማ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ስትል እጅዎን አነሱ። የእኛ ልጅ ነጋዴ አይደለም፣ የቡሬም ሰው አይደለም፤ አንድም እሱ ነው፣ አንድም ሌላ ይርጋ ነው አሉ። ልክ ነበሩ። በአንድ ወረቀት ልጅ አይቀበርም።

ግን አባዬ፣ እዚያው ላይ ቆሙ። የመጻሕፍቱ አንድም ሁሉ አብሮ ይቆማል፣ አንዱ ሌላውን አይጥለውም፤ ዕድሜዎን ሙሉ ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ሰው ግን ወይ አለ፣ ወይ የለም። አንደኛው መውደቅ ነበረበት፤ የትኛው እንደሚወድቅ ለማወቅ ደግሞ ቡሬ ሩቅ አልነበረም። አልሄዱም፤ ሰውም አልላኩም። ለቅሶ አልተቀመጥንም፣ ፍትሐት አልተፈታም፣ ተዝካር አልወጣም። የክርስትና ስሙን፣ ወልደ ሰንበትን፣ በየቅዳሴው ከሕያዋን ጋር ያስጠሩ ነበር። እማም ትቶት የሄደውን ጋቢ በየዓመቱ በእንዶድ አጥባ ታጥፋለች። ፈርተው ነው እላለሁ። አንድም ልብዎ አውቆት ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ከኋላዬ ቆመው የሚያነቡ እየመሰለኝ ወረቀቱን በእጄ እከልላለሁ።

ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ቡሬ ሄድኩ። እርስዎ የሚጠይቁትን እየጠየቅኩ፣ ማን አየ፣ አንተስ ከማን ሰማህ እያልኩ፣ የመኪናውን ጭነት ባለቤት አገኘሁት። ይርጋ የእሱ ጫኝ ነበር። ጋዜጣው የአሠሪውን ሥራና አገር ለልጁ ሰጥቶት ኖሯል፤ ዝርዝሩን ስቶ ዋናውን አልሳተም። ሲቀበር ቆሜ ነበር አለኝ ነጋዴው። ታዲያ ስለ ምን አልነገርከንም ብዬ ስጠይቀው፣ ጅጋ ድረስ መጥቶ፣ ገበያው ውስጥ ሰዎች፣ መሪጌታ ልጄ በሕይወት አለ ብለዋል ሲሉት መመለሱን አጫወተኝ። «እሳቸው አለ ካሉ፣ ሞቷል ብየ የምሟገት እኔ ማን ነኝ?» አለ አንገቱን ደፍቶ። እርስዎ እኮ እንዲህ አላሉም። ከደጀ ሰላሙ ገበያው እስኪደርስ የመጀመሪያው አንድም ከመንገድ ቀርቶ ነው።

የእርስዎ ልጅ ነኝና በአንድ ሰው ቃል አላመንኩም። እስከ በረሃው አፋፍ፣ ደጀን ማዶ፣ እስከተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የቀበሩት ቄስ አርጅተዋል፤ ልጁን ግን አልረሱትም። ከገደሉ ሲያወጡት ትንፋሹ ነበረች፤ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁት ወልደ ሰንበት ብሏቸዋል። ያንን ስም ነጋዴው አያውቀውም፣ ጋዜጣውም አልጻፈውም፣ እኔም ለቄሱ አልነገርኳቸውም ነበር። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለእሱ አለቀስኩ፣ ለእርስዎም አለቀስኩ።

እማን ሽማግሌዎች ማልደው ገብተው አረዷት። አልጮኸችም። ጋቢውን ከሣጥን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፣ በእጇ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ቀና ብላ «አባትሽስ ሰሙ?» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚያ ነው። እሑድ እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ለሚሰበሰቡት ጋዜጣውን አሁን እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ደስ የማትለውን አንድም አልዘልም፣ ነገሩ የሰው ሕይወት ሲሆን ደግሞ አይቶ የሚመጣ ሰው እንልካለን። ያንን ከእርስዎ ነው የተማርኩት፣ ከሁለቱም እሑዶችዎ። የእርስዎንና የእሱን ስም እኔ እስካለሁ ድረስ ጎን ለጎን፣ ከሙታን ጋር አስጠራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ዕረፍት ነሥቶኛል። አንድም ገና ድሮ ተገናኝታችኋል፣ ይህም ወሬ አሮጌ ወሬ ነው። አንድም፣ ልጄ ምድር ላይ አለ ብለው ስለሄዱ እዚያ አልፈለጉትም፤ እሱም ይመጡልኛል እያለ ብቻውን ይጠብቅዎታል። ይህችን ግን ሄጄ ማየት አልችልም። እባክዎ ይፈልጉት፣ አባዬ። ይርጋ ብለው አይጥሩት፤ ወልደ ሰንበት ብለው ይጠይቁ።

ልጅዎ የሻረግ