ራጅ አንሺው ሲነሣ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዛሬ አሥራ አራት ደረት፣ ሦስት እግር፣ አንድ ትከሻ አነሣሁ። ቀለል ያለ ቀን።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ትሕትና አዲሱን አልትራሳውንድ መሞከር ፈለገች። የሚተኛላት ሰው ጠፋ፤ እኔ ተኛሁ። እየተሣሣቅን ነበር። ጉበቴን አየች፣ ሐሞቴን አየች... እምብርቴ አካባቢ ስትደርስ ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። እኔም ፊልም አይቼ ስንቴ ዝም ብያለሁ።

ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ሆዴ ውስጥ ተነፍቷል። ሁለት ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረበት አምስት ተኩል ሆኗል። አያመኝም እኮ... ምንም አያመኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ትሕትና ወረቀት ጻፈችልኝ። አዲስ አበባ፣ ሲቲ ስካን። ድንገት ከፈነዳ ሐኪም ጋ መድረሻ ጊዜ የለም አለችኝ። ቀዶ ጥገና የሚሠሩት ደግሞ ቅርጹን በሲቲ ካላዩ አይነኩኝም። ከዚያም በኋላ በየጊዜው መታየት አለ።

በየጊዜው? አንድ የሆድ ሲቲ የስንት ደረት ራጅ ጨረር ነው? ከመቶ በላይ። ይህን ለሌላ ሰው አላስረዳም፤ ለራሴ ግን አውቀዋለሁ።

የሥራ ባልደረባዬ ዋኘው ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ነው የተቀጠርነው። ጨረር የሚከላከለው የእርሳስ ሽርጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ይከብዳል እያልን ሁለታችንም እንተወዋለን። ሕፃን የሚይዝ ሲጠፋ እኛው ይዘን እናነሣለን። በደም ካንሰር ሞተ። ከጨረሩ ይሁን አይሁን የነገረን የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ወረቀቱን አወጣሁ። አነበብሁ። መለስሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ለፋንታነሽ አልነገርኋትም። ባለቤቴ ናት፣ ሠላሳ ዓመት ምን ደብቄያት አውቃለሁ? ሆዴን ስዳብስ እውላለሁ። ይመታል። ድሮም ይመታ ነበር ወይስ...

ለቀብር ገጠር፣ ቁይ ሄጄ ዳገቱ መካከል ቆምሁ። አልደከመኝም። መራመድ ፈርቼ ነው። ሰዉ ደከመው ብሎ ጠበቀኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ፋንታነሽ ዐወቀች። ትሕትና የሄድሁ መስሏት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ጋሽ አበረን አዲስ አበባ ምን አሏቸው?» ብላ ጠይቃታለች።

ምሳ ቀርቦ አልተነካም። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች። ካንሰሩን እፈራለሁ አልኋት። የዋኘውን ነገር አነሣሁላት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ካንሰሩ ቢመጣ ከአሥር ዓመት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ይኸኛው ዛሬ ነው። አሥሩን ዓመት ስጠኝ።»

 ማታውኑ ልብሴን አጠፈች።

ሰኞ፣ ጥር 5፣ አዲስ አበባ

የሲቲ ቀጠሮ አንድ ወር ገደማ አስጠብቆኝ ተነሣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳስተኛ ኖሬ ዛሬ ተራው የኔ ሆነ። በክንዴ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ሙቀቱ እስከ ብሽሽቴ ወረደ። ባለሙያዋ ከመስተዋቱ ማዶ ሆና አይተንፍሱ ትለኛለች። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የሚተኛው ሰው እንዲህ ብቻውን መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 8

የደም ሥሩ አምስት ነጥብ ስምንት ደርሷል። ሌላም ነገር አለ... ግራ ኩላሊቴ ላይ ዕጢ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር። ማንም አልፈለገውም፤ ሲቲው አብሮ አሳየው።

ካንሰር ሳይሆን አይቀርም አለ ቀዶ ሐኪሙ። ከሥራዬ ነው ወይ አልሁት። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሲጋራ ያጨሱ ነበር? አለኝ። ሃያ ዓመት። እሱ ለደም ሥሩም ለኩላሊቱም ጠላት ነው አለ። «ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚነግርዎት ሰው አያገኙም። መጀመሪያው ላይ መገኘቱን ግን እነግርዎታለሁ።»

ካንሰር ያመጣብኛል ብዬ የሸሸሁት መሣሪያ ካንሰሬን አገኘልኝ። ልሣቅ ወይስ ላልቅስ? ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የመጣሁት። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ስንት አደገ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ነገ ነው። የደም ሥሩን በሰው ሠራሽ ቱቦ ይተኩታል፤ ግራ ኩላሊቴም ይወጣል። ፋንታነሽ ከዲማ ጠበል አስመጥታለች። ሐኪሞቹ መጠጣት ስለከለከሉኝ ግንባሬን አራሰችልኝ። 

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

አለሁ። ስስል ሆዴ የሚቀደድ ይመስለኛል።

ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነበር። ከኩላሊቱ ውጭ ግን አልተሠራጨም።

መውጫ ወረቀቴ ላይ በየስድስት ወሩ ሲቲ ተጽፏል። እንደ በሽተኛ ዝም ልል ነበር... ጠየቅሁ። በአልትራሳውንድ አይሆንም ወይ? ሐኪሙ አሰበ። ለደም ሥሩ ይበቃል፤ ለካንሰሩ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ሲቲ አይቀርም አለ። ወረቀቱን አስተካከለ። እሺ አልሁ። ነገ ወደ ቤቴ፣ ወደ ማርቆስ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ሥራ ገባሁ። ዕቃ አታንሣ ተብያለሁ።

ወለተ ሰንበት የምትባል ልጅ እግር ሴት ከሮብ ገበያ ከተማ መጣች። ሳል። የደረት ራጅ ታዞላታል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሦስተኛዋ ነው። ሁለቱን ፊልሞች በፌስታል ይዛለች፤ አየኋቸው፣ ንጹሕ ናቸው።

ወረቀቱንና ፊልሞቹን ይዤ ራጁን ወዳዘዘላት ሐኪም ሄድሁ።  በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ወረቀት መልሼ አላውቅም። ሦስተኛው ምን ይጨምርልናል አልሁት። ራጅ አንሺ ሐኪም ሆነ እንዴ ብሎ ተቆጣኝ። አልወጣሁም። ቆይቶ ፊልሞቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣና አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ራጁን ሰርዞ የአክታ ምርመራ ጻፈ።

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«መሣሪያው ተበላሸ?»

«አልተበላሸም፣ እኅቴ። ላንቺ አያስፈልግም።»