በየመጽሐፉ የምትሞት እህት

ጥዑመ፣

ኩርኩፋው ድስት ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ። ጨው ከበዛበት ይቅርታ። መስኮቱን ዝጋ፣ ዝንጀሮዎቹ ሙዙን አይተውታል።

ትናንት በረንዳ ላይ አዲሱን ልብ ወለድህን ለጓደኛህ ለብዙነህ ስታነብለት ሰማሁ።

በመጀመሪያው መጽሐፍህ እህትየዋን ዘንዶ ዋጣት። በሁለተኛው ጠንቋይ ድንጋይ አደረጋት። አሁን ደግሞ የጫሞ አዞ! እሷ ካልሞተች ጀግናህ ሰይፉን አንስቶ ከቤት አይወጣም?

የአሁኗ ክንድ ላይ ደግሞ የእኔ ጠባሳ አለ። ማንን ከእሳት ሳወጣ እንደተቃጠልኩ አንተ ታውቃለህ። ብዙነህ «እህትህ ሰምታለች?» ሲልህ ሳቅህ።

ሸሚዝህን ተኩሼዋለሁ።

ዶርዜ፣ አክስታችን ጋ ነኝ። አትደውል።
ከፈለግኸኝ ግን እስቲ አንዴ እህትህ ሳትሞት ከቤት ውጣ።

ማዕዶት