የተዋስነው ምንጣፍ

ሐይቅ፣ ሐሙስ ጥር 19 ቀን 2014

ዛሬ የቀበሌ ሰዎች ለሴፍቲኔት እርዳታ ቤታችንን ሊያዩ መጡ። የስፌት መኪናዬ በጦርነቱ ከተዘረፈ ወዲህ የምንበላው ጎረቤት የሚሰጠንን ነው። ግን እንግዳን ባዶ መደብ ላይ ማስቀመጥ ሞት መሰለኝ። ገና ሳይደርሱ ሚስቴን ዘይነባን፣ «ሂጂና ከጎረቤታችን ከነሁሴን ቤት ምንጣፍና ትራስ ተዋሺ» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ድህነታችንን ሊያዩ እኮ ነው የሚመጡት!»

«ይዩ! ግን ተቀምጠው ይዩ!» ብዬ ጮህኩባት።

ተዋሰች። እኔም የቀረችንን አንዲት ዶሮ አረድኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር በልቶ ሲጨርስ ዙሪያውን ቃኘና፣ «ማሻ አላህ! ጋሽ ሰይድ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ። ከእናንተ የባሰ ስንት አለ» አለኝ። ምንጣፉ የሰው ነው ማለት አሳፈረኝ። ጭራሽ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ እስከ በር ሸኘኋቸው።

አመሻሹ ላይ ሁሴን ምንጣፉን ሊወስድ መጣ። «ተሳካላችሁ?» ሲለኝ፣ «ኢንሻ አላህ» አልኩት።

ቀና ብዬ የዘይነባን ፊት ማየት አቃተኝ። እንግዶቹ የጋጡትን አጥንት ከየሳህኑ ለቃቅማ፣ ለነገ መረቅ እንዲሆነን እንደገና ጣደችው።