የግራ ጫማዬ ነገር

ሙሉሃብት፣

ዛሬ ከሰዓት በናኖቴክኖሎጂ ሥልጠናው ላይ ለመሐንዲሶቹ የምታሳየው ውኃ የማያስገባ ቅብ አልቋል። ጠርሙሷን አትፈልጋት። ትናንት አንጠፍጥፌ የግራ ጫማዬን ቀባሁት።

ቀኙን ሆን ብዬ ተውኩት። «ሳይንስ ማለት ማወዳደር ነው» ያልከኝ አንተው ነህ።

በዚያ ዝናብ አሸተን ማርያም ወጥቼ ተመለስኩ። ቀኝ እግሬ በሰበሰ፣ ግራው ግን ደረቅ!

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ናኖ አይገባውም» ብለህ ለጎረቤታችን ለሰብሌ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ይሁን።

ሳልጠይቅህ መንካቴ ግን ጥፋት ነው።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀው።

ያንተን ጫማ አድርጌ ገነተ ማርያም ሄጃለሁ። የእኔን አልጋህ ሥር ትቼልሃለሁ፤ ልክህ ነው። አሠልጣኙ «እስቲ ውኃ አፍስስበትና አሳየን» ሲልህ፣ ግራ እግርህን ዘርጋለት።

ወንዴ