የቴሬንቴ መንጋጋ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ጎመኑን ጨው ነስንሼ በርሜል ውስጥ ጠቀጠቅኩት። እጄ አሁንም ይቆጠቁጠኛል። ቴሬንቴ ከሳቬሊ ጋር ወንዙ ላይ ዋለ። አንድ ትልቅ አምባዛ ይዘው ገቡ፣ የቀረው ጥቃቅን ነው። እራት ላይ በግራ በኩል ብቻ ሲያኝክ አየሁት።

«ምን ሆነሃል?»

«ጥርስ ነው። ያልፋል።»

ይሄ ሰውዬ ስለ ሁሉም ነገር የሚለው ይህንኑ ነው። ቅርንፉድ ሰጠሁት። በአረቄ ተጉመጥመጥ ብለው ተጉመጠመጠና ዋጠው። ባል ነው እንግዲህ...

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

የቀኝ መንጋጋው አብጧል። መንደራችን ሐኪም የለውም። ወይ በጀልባ ቁልቁል ሱሊና፣ የጥርስ ሐኪሟ ጋ። ወይ ሽቅብ ቱልቻ፣ ትልቁ ሆስፒታል። ወይ ደግሞ ጋሽ ሀሪቶን... ድሮ መርከብ ላይ የመርከበኞቹን ጥርስ ይነቅል ነበር፤ ጉጠቱ እስከ ዛሬ አለ።

«ሱሊና እንውረድ» አልኩት።

«ለአንድ ጥርስ? ዓሣው እየወጣልን?»

«ቱልቻስ?»

ተነስቶ መረቡን መጠገን ያዘ። ቱልቻ ልጃችን ዚና አለች። ባሏን ኢግናትን ፈታ ከሄደች ወዲህ ስሟን በዚህ ቤት አያስነሳም። ኢግናት የሳቬሊ ልጅ ነው። ሳቬሊ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ የጀልባ ሸሪኩ። ለምን እንደፈታችው ልነግረው ስንት ጊዜ ሞከርኩ! «የሰው ትዳር ወሬ አታምጪብኝ» ይለኛል። የገዛ ልጁ ትዳር የሰው ሆነ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

ጋሽ ሀሪቶን ነቀለው። ወጥ ቤት፣ መስኮቱ ሥር። ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። መግሉ ሲወጣ ሽታው... ቴሬንቴ ግን ደም በደም ሆኖ ሳቀብኝ። «አየሽ? አንቺ ቱልቻ ትያለሽ!» ሾርባ ጠጣ፣ ተኛ። እኔም እፎይ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ትኩሳት። ሾርባው አልወርድ አለው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10፣ ቱልቻ

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ሌላ ምን ላድርግ?

ጠዋት ሳየው አንገት የሚባል ነገር የለውም። እብጠቱ ከአገጩ ሥር ዞሮ ወደ ታች ወርዷል፤ ስነካው እንጨት ነው። አፉ አይከፈትም። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ፎጣ ላይ ያዝረበርባል። ድምፁ የሌላ ሰው።

ጋሽ ሀሪቶን መጥቶ አየው። ኮፍያውን አወለቀ። «ይሄ ከኔ አቅም በላይ ነው፣ አንፊሳ።» ሳቬሊ «ሱሊና ይቀርባል፤ እዚያ እናድርሰው» አለ። ቴሬንቴም በጣቱ ቁልቁል አሳየ። ሱሊና።

ለሐኪሟ ደወልኩ። እሑድም ቢሆን አነሳች፣ እግዜር ይስጣት።

«ምራቁን ይውጣል?»

«አይውጥም።»

«ጋደም ሲል ይተነፍሳል?»

«አይችልም። ተቀምጦ ነው ያደረው።»

«እናቴ፣ ይስሙኝ። እኔ ጋ አያምጡት። ይሄ የጥርስ ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ የትንፋሽ ነው። አሁኑኑ ለድንገተኛ ይደውሉ። ሆስፒታል ነው የሚያስፈልገው።»

ደወልኩ። ሄሊኮፕተር በዚህ ጉም አይነሳም። የአምቡላንስ ጀልባ ከቱልቻ እንልካለን፣ እናንተም ሽቅብ ኑ፣ መንገድ ላይ እንገናኝ አሉ።

«ቱልቻ ነው» አልኩት። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። የበሩን መቃን በሁለት እጁ ያዘ። ትዳር ከያዝን ጀምሮ ጀልባው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። እኔ እሳፈራለሁ።

«ቴሬንቴ! ዚናን ማየት ካልፈለግክ ዓይንህን ጨፍን። ታፍነህ ስትሞት ግን ቆሜ አላይህም። ልቀቅ!»

ምን ዓይነት ድምፅ እንዳወጣሁ እንጃ... ለቀቀ።

ሳቬሊ ሞተሩን ያዘ። እኔ ከፊት ሆኜ ሌላ ጀልባ እንዳይገጨን ድስት በማንኪያ እቀጠቅጣለሁ። ሸምበቆው እንኳ አይታይም። ድስቱን ሳቆም የቴሬንቴን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ያፏጫል። መስማት ስለፈራሁ መልሼ እቀጠቅጣለሁ። ሳቬሊ ሲጸልይ ነበር፤ ያለቅስም ነበር። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ የአምቡላንሱ ጀልባ ጡሩምባ መለሰልን።

እዚህ እንደደረስን ጉሮሮውን ቀደው ቱቦ አስገቡለት። ወጣቱ ሐኪም «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ...» ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ዚና መጣች። ካፖርቷን እንኳ አልቆለፈችም።

«አለ?»

«አለ።»

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ነቅቷል። በቱቦው ስለሚተነፍስ መናገር አይችልም። ዚና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አባ፣ ዛሬ አታቋርጠኝም። እስክጨርስ ትሰማኛለህ።»

ሁሉንም ነገረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የኢግናትን ቡጢ፣ በበረዶ ወቅት ከቤት ያስወጣትን... «እጄ የተሰበረው በረዶ ላይ ወድቄ ነው ብዬህ ነበር። አልወደቅኩም።»

ልወጣ ፈለግኩ። በሩን ይዤ ቀረሁ።

ቴሬንቴ ቀስ ብሎ ዞረ። ግራ እጇን ወሰደ። አጥንቱ ተጣሞ የገጠመበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ደግሞ ዳሰሰው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ነርሷ መጥታ እንባውን ጠረገችለት፤ እሱ የልጁን እጅ አልለቅም ብሎ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 10

ቤታችን ከገባን ሰነበትን። ቱቦው ወጥቷል፤ አንገቱ ላይ ጠባሳ፣ ድምፁ ሻካራ። ሲደክመው ሹክሹክታ ነው።

ዛሬ ሳቬሊ ሊጠይቀው መጣ። ኢግናት ከኋላው፣ ዓሣ በባልዲ ይዞ። «አባባ፣ እንኳን ተረፍክልን!» አለ፣ እንደ ድሮው ዘው ሊል። ቴሬንቴ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ።

«የልጄን እጅ አይቼዋለሁ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት አትገባም።»

ኢግናት ወደ አባቱ ዞረ። ሳቬሊ መሬት መሬቱን አየ። ያውቅ ነበር? አልጠየቅኩትም። የጀልባውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ልጁን ተከትሎ ሄደ። ባልዲው ደጃፉ ላይ ቀረ።

ቴሬንቴ ሳቬሊን በዓይኑ ሸኘው።

«ያ ሰው ባይኖር ጉሙ ውስጥ እቀር ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ልክ ሠራሁ?»

እኔን ነው የጠየቀው። ደግሞ መልሴን ቆሞ ጠበቀ።

«ልክ ነህ።»

ተቀመጠ። አንገቱን አሻሸ።

«ነገ መረቡን ከማን ጋር ልሳብ?»

«ከእኔ ጋር።»

ይስቃል ብዬ ነበር።

«ጓንት ያስፈልግሻል» አለ።